ስለ አንዲት የችግኝ ሠራተኛ ልብስና ጫማ

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር የታናሽ እኅታችን ልጅ፥ ከምሥራቅ ጎጃም መጥታ በቤታችን ከተቀመጠች አምስት ወር ሲሆናት፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ካሉት የችግኝ ማፍያ ስፍራዎች በአንዱ በቀን ሒሳብ ሥራ ማግኘቷን ነገረችን። ሥራውም በበጋ አፈርና ፍግ ነፍቶ በላስቲክ መሙላት፥ ዘር መዝራት፥ ጧትና ማታ ውሃ ማጠጣት፥ ክረምትም ሲገባ የደረሰውን ችግኝ እያወጡ ለሚተክሉት ሰዎች ማስረከብ ነው። ደስ አለን። ነገር ግን ደስታችን ወዲያው ከሁለት ነገር ጋራ ተቀላቀለ፤ አንደኛው እፍረት፥ ሁለተኛውም ወጪ ነው። ስለ እፍረቱ እውነቱን ብንናገር አንባቢዎቻችን ይቅር ይሉናል ብለን እናምናለን።

እኛ በአራዳ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ሃያ ዓመት ያህል ስንኖር፥ ጥቁር ኮትና የተወለወለ ጫማ ሳናደርግ ወደ ሥራ ወጥተን አናውቅም። ደመወዛችን ትንሽ ቢሆንም፥ ባለጉዳይ ሲያየን ጸሐፊ መሆናችንን ከልብሳችን ያውቅ ዘንድ እንተጋለን። ስለዚህ አንዲት ጎረቤታችን «የጸሐፊው የእኅት ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ አፈር ልትዝቅ ነው?» ማለቷን በሰማን ጊዜ አንገታችንን ደፋን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ቆዳ ፋቂውንና ገበሬውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸውን እኛ ራሳችን ለወጣቶች ብዙ ጊዜ አውርተናል። ሠራተኛ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ለቤተ መንግሥት ይሠሩ ከነበሩት የእጅ ባለሞያዎች እንደ ሆነ እናውቃለን። ሆኖም ዐዋጁን ለሰው ማውራትና፥ ዐዋጁ ወደ ገዛ ቤት ሲገባ መቀበል አንድ አልሆነልንም።

አረንጓዴ ዐሻራ የተባለው ሥራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የችግኝ ነገር በአገራችን እጅግ የታወቀ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። የሚተክለው ሰው ሥዕሉ በየጋዜጣው ይወጣል። ችግኙን ከዘር አንሥተው ወራት ሙሉ ያሳደጉት ሴቶች ግን ምን ለብሰውና ምን ተጫምተው እንደሚሠሩ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። እኛም ልጂቱ ሥራ እስክትይዝ ድረስ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ከባለቤታችን ጋራ ተማክረን፥ ከወሩ ደመወዝ የተረፈውን ብር ቈጥረን፥ ሁለት እጁ ለልብስ አንድ እጁ ለጫማ እንዲሆን ወሰንን። ምክንያታችንም ይህ ነበር፤ ልብስ ከሩቅ ይታያል፥ ጫማ ግን በአፈር ውስጥ ይጠፋል። ልጂቱ ማለዳ ከጊዮርጊስ አደባባይ ታክሲ ስትሳፈር የሚያውቁን ሰዎች የሚያዩት ልብሷን ነው ብለን አሰብን። ይህ አሳብ ያመጣውን ነገር ወደ ኋላ እንናገራለን።

በቅዳሜ ቀን ወደ ፒያሳ ወረድን። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማው ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር፤ የድኻውም የጌታውም ዕቃ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይሸጥ ነበር። ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ጊዜ፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ፥ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶ አሉት፤ ለአራዳም መካከል ፒያሳ የሚለው ስም ከእነርሱ ተረፈለት። ከዚያ ወዲህ በፒያሳ መስተዋት ውስጥ የሚታየው ወርቅ፥ የሙሽራ ልብስና የሱፍ ኮት ነው። ለአፈር ሥራ የሚሆን ልብስ ብንጠይቅ አንዱ ባለሱቅ ወደ ሌላው ላከን፤ ሌላውም ወደ መጀመሪያው መለሰን። ቀድሞ ለጥበቃ ሠራተኞችና ለተላላኪዎች ካኪ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በሰፈሩ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ለአዲሱ የመንገድ ዳር ልማት በፈረሱ ጊዜ እርሱም መኪናውን ተሸክሞ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል።

ዋጋውም ከምናስበው በላይ ነበር። ባለሱቆቹ ሁሉ በአንድ ቃል፥ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መወደዱን ነገሩን። ያ የብዙ ሚሊዮን ችግኝ የተተከለበት ቀንና ይህ የብሩ ቀን፥ ዓመቱ ቢለያይም፥ ሁለቱም ሐምሌ 22 መሆናቸውን ያስተዋልነው ወደ ቤታችን ገብተን የወጪያችንን ሒሳብ ስንጽፍ ነው። መዝገብ መጻፍ የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳያይ አያልፍም።

ወደ ማታ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ዕቃቸውን በሸራ ላይ ዘረጉ። ከነዚያም መካከል ከውጭ አገር በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ ነበረ። አንድ የካኪ ሱሪ አንሥተን አየነው፤ ስፌቱ ድርብ፥ ጨርቁ ወፍራም፥ ኪሱ ጥልቅ ሆኖ፥ ዋጋው በሱቅ ከሚሸጠው አዲስ ሱሪ እኩሌታ አይሞላም። ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስል ነበር። ነገር ግን ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ እኛም በዚሁ ምክንያት የተከሰሱ ሰዎችን መዝገብ በገዛ እጃችን ጽፈናል። ሱሪውን አጥፈን መለስነው። ባለቤታችንም «እንግዲህ ሱሪውን ምስክር ሊያቆሙት ነው?» ብላ ሳቀችብን። ያን ሱሪ እስከ ዛሬ እናስበዋለን።

በመጨረሻ ከአንድ ሱቅ ቀለሙ የሚያምር ሰማያዊ ጃኬትና አዲስ ሱሪ ገዛን። በተረፈችውም ጥቂት ብር፥ መብራት ደብዝዞ ሳለ፥ ከመንገድ ዳር አንድ ጥቁር ቦት ጫማ መረጥን። ጫማው እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ዋጋውም ከልጂቱ የሦስት ቀን ደመወዝ ያነሰ ነበር። ከነበሩት ሁሉ ትንሹ ቁጥር 40 ነው፤ የእርሷ እግር ደግሞ 37 ነው። ሻጩም «ጋሼ፥ ምን ችግር አለው፤ ካልሲ ደርባ ታደርግበታለች» አለን። እኛም፥ አንድ ቃል የጐደለውን ማመልከቻ ለባለጉዳዩ የምንመልስ ሰዎች፥ ሦስት ቁጥር የተረፈውን ጫማ ተቀብለን ሄድን።

ሰኞ ማለዳ ለብሳ ስትወጣ እጅግ አማረች። ያችው ጎረቤታችን ከበሯ ቆማ አየቻትና ዝም አለች፤ እኛም በዚህ ተደሰትን። ደስታችን ግን እስከ ሐሙስ አልቈየም። ጃኬቱን የዳሱ ሽቦ ይዞ ቀደደው፤ ፍጉና ውሃውም ቀለሙን አበላሸው። ይህስ ቀላል ነው። የጫማው ታች በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ኖሮ በሦስተኛው ቀን አፉን ከፈተ፤ ውሃ እያጠጣች ስትሄድ ጭቃው ይገባል፥ እግሯም በውስጡ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ተረከዟን ይፍቃል። ልጂቱ ግን አልነገረችንም። በገዛነው ልብስ መደሰታችንን አይታ ነበርና፥ ደስታችንን ማፍረስ ነውር መሰላት። በየማታው ጫማዋን ከበር ውጭ አውልቃ፥ ካልሲዋን ሳታወልቅ ትተኛ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከታክሲ ስትወርድ እያነከሰች ስትመጣ ባለቤታችን አይታ ካልሲውን በግድ አወለቀችው። ቍስሉ አመርቅዞ፥ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፥ አፈሩ በቍስሉ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ቍስሉን አጥበው መድኃኒት ሰጡንና ለዐሥር ቀን በእግሯ እንዳትቆም አዘዙ። በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ያልሠራበት ቀን አይታሰብለትም። አለቃቸውም እስከ ተወሰነው ሰኞ ካልመጣች በስፍራዋ ሌላ እንደሚያስገቡ ላኩብን። ያ ርካሽ ጫማ እንግዲህ የሦስት ቀን ሳይሆን የዐሥራ ሦስት ቀን ደመወዝ ፈጀ፤ ሥራዋንም ሊያስለቅቃት ተቃረበ።

ያን ሌሊት ውሃ አሙቀን እግሯን ስናጥብ፥ ከልጅነታችን ጀምሮ ያላነሣነው ነገር ትዝ አለን። በአገራችን አንዲት አክስት ነበረችን፤ የአባታችን ታላቅ እኅት። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች እንደ ግንድ አብጠው፥ ቆዳቸው እንደ ድንጋይ ሻክሮ ነበር። ሰው ሁሉ የዘር ደዌ ነው ይል ስለ ነበር፥ ልጆቿን የሚያገባ ጠፋ፤ በሰርግም በማኅበርም ብቻዋን ዳር ትቀመጥ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ ይዘን፥ በባዶ እግራችን የቆሎ ተማሪ ነበርን፤ ወደ ደጇ ስንሄድ ቁራሽ ከማንም አብልጣ የምትሰጠን እርሷ ናት። እኛ ግን እጇን ስንስም እግሯን ላለማየት ፊታችንን እናዞር ነበር።

ቆይቶ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ መምህሩ መጀመሪያ የሰጠን መጽሐፍ አይደለም፤ ሳሙናና የሸራ ጫማ ነው። እኛም ጫማው እንዳያልቅ ብለን በእጃችን ይዘነው ስንሄድ ደርሶብን «ጫማውን የሰጠሁህ ለእግርህ ነው እንጂ ለእጅህ አይደለም» ብሎ ተቈጣን። ምክንያቱን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሲሠራ ይህን በሽታ ብዙ ዓመት መርምሮ፥ ትንኝ ከሚያመጣው የዝሆኔ በሽታ የተለየ መሆኑን፥ ምንጩም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር እንደ ሆነ ገልጧል። የዚህ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ እየገባ ለዓመታት ሲጠራቀም እግርን ያሳብጣል። ሐኪሞችም ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ዝናብ በሚበዛበትና ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አገር ብዙ ይገኛል፤ ጎጃምም ከነዚሁ አንዱ ነው። አንዳንድ ቤተ ሰብ ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑ በምርመራ ቢታወቅም፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ሰው አይያዝም። ለአክስታችን በልጅነቷ አንድ ጫማ የገዛላት ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ብቻ ነው።

የልጂቱ ቍስል ያ በሽታ አልነበረም፤ ያ የብዙ ዓመት ነገር ነው፥ ይህ የዘጠኝ ቀን። ነገር ግን የዚያው አገርና የዚያው ዘር እግር በእጃችን ይዘን፥ ለልብሱ ሁለት እጅ ለጫማው አንድ እጅ ብለን መክፈላችንን ባሰብን ጊዜ፥ የሳህኑን ውሃ ለመድፋት ብለን ወደ ውጭ ወጥተን ጥቂት ቈየን።

በአራተኛው ቀን ከልጂቱ ጋራ ከሚሠሩት ሴቶች አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዳቦ ይዘው ሊጠይቋት መጡ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ያን ሰማያዊ ጃኬት በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አዩና «ጋሼ፥ እርስዎ ልጅቱን ከላይ ወደ ታች አለበሷት፤ እኛ ግን የምንለብሰው ከታች ወደ ላይ ነው» አሉን። ከዚያም የነገሩንን እኛ እንደ ልማዳችን ወረቀት አውጥተን ጻፍነው።

ለችግኝ ሥራ ጫማ ሁለት ነው አሉ። ውሃ በሚጠጣበት ሰዓትና በክረምት የጎማ ቦት፥ ቀን በፀሐይ አፈር ሲነፋና ላስቲክ ሲሞላ ደግሞ የሸራ ወይም አሮጌ የቆዳ ጫማ ያስፈልጋል። ቦት ውሃ እንዳያስገባ ሁሉ ላብም አያስወጣምና፥ ቀኑን ሙሉ ካልወለቀ እግሩ ይርሳል፤ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው፥ ይታጠባል፤ ግን እግርን ያፈላል፥ በፀሐይም ይሰነጠቃል። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ አያልቅም፥ እሾህም አይወጋውም፤ ሆኖም ጐኑ ክፍት ስለ ሆነ አፈሩን ሁሉ ያስገባል። ሲገዙም ወደ ማታ መሆን አለበት፤ ሰው ቀኑን ቆሞ ከዋለ በኋላ እግሩ ሰፋ ይላልና። ታቹ የተሰፋ መሆኑን ማየት፥ ካልተሰፋም ሊስትሮ ዘንድ ወስዶ ዙሪያውን በወፍራም ክር ማስሰፋት ነው። የጎማውን ቦት ግን በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየጫኑ አረፋ የሚያወጣ መሆን አለመሆኑን ሳያዩ ብር አይከፈልም።

ስለ ልብሱ የተናገሩት ያጠረ ነው። አንድ ወጥ ቱታ ለወንድ ይመቻል እንጂ ለሴት አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን ባለቤታችን ወዲያው ገባት፥ እኛ ዘግይተን ተረዳን። ረጅም ቀሚስ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ ከአጭር ቀሚስ በታች ይሻላል። በአፈሩ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ አይጠፋምና ጓንት ያስፈልጋል። ከሁሉም ያስገረመን ሽርጣቸው ነው፤ የማዳበሪያ ጆንያ ቀደው፥ በሁለት ጥግ ገመድ አድርገው ከወገባቸው ያስሩታል፤ ውሃ አያሳልፍም፥ ፍግም አይይዝም። እኛ በአገራችን እረኛው ገሳ ደርቦ ዝናብ ሲያሳልፍ አይተናል፤ ይህ የከተማው ገሳ ነው።

ልጂቱ እግሯ ሲሽር፥ በዐሥረኛው ቀን ማታ፥ ሦስታችን የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ተሻግረን ወደ መርካቶ ወረድን። ምናለሽ ተራ የተባለው ስፍራ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እና «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ሰዎች የሰበሰቡት አሮጌ ዕቃ ተጠግኖ የሚሸጥበት ነው። ይህ በዚሁ አገር የተለበሰና የተጣለ ዕቃ እንጂ በቦንዳ የገባ አይደለምና ልባችን ዐረፈ። ከአንድ ፋብሪካ ተረፍ ብሎ የወጣ ቁጥር 38 የጎማ ቦት አገኘን፤ ባለቤታችን ሳፋ አስመጥታ በሻጩ ፊት ውሃ ውስጥ ጫነችው። ሻጩ በመጀመሪያ ተቈጣ፤ አረፋ አለመውጣቱን ባየ ጊዜ ግን ሌሎቹን ገዢዎች እየጠራ ያሳይ ጀመር። አንድ የተጠገነ የሸራ ጫማም ጨመርን። የሁለቱ ጫማ ዋጋ ከሰባት ቀን ደመወዟ ጥቂት ይበልጣል። ለልብስ የቀረን ብር አልነበረም።

ልብሱም ከቤት ተገኘ። ክርኑ ያብለጨለጨ አንድ አሮጌ ጥቁር ኮት ነበረን፤ ስምንት ዓመት በችሎት ለብሰነዋል። ባለቤታችን በሠፈር ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ታቹን አስቈርጣ፥ እጅጌውን አሳጥራ፥ ኪሱን በጆንያ ጨርቅ አስደርባ አመጣችው። ልጂቱ ለብሳው ስትቆም ከፊታችን አንድ ትንሽ ጸሐፊ የቆመ መሰለን። በሰኞ ማለዳ በዚያ ኮትና በዚያ ቦት ወጣች፤ ጎረቤታችን ምን እንዳለች አልሰማንም፤ አልጠየቅንምም።

አንድ ነገር ቀርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፥ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። ይህን አንቀጽ ለባለጉዳይ ስንት ጊዜ ገልብጠን ሰጥተናል፤ ለገዛ ልጃችን ግን የታሰበን ሁለተኛውን ጫማ ከገዛን በኋላ ነው። በልጂቱ እጅ ጥያቄ ብንልክ ልብሱ በአዲሱ በጀት እንደሚመጣ ተነገረን፤ በጀቱም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። እንደ ተባለውም በነሐሴ ወር፥ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፥ ቦት ጫማ መጣላቸው፤ ሁሉም ግን ቁጥር 42 ነበር። ሴቶቹ ተቀብለው ፈረሙ፤ ግማሾቹ ጨርቅ እየጐሰጐሱ አደረጉት፥ ግማሾቹ ለባሎቻቸው ወሰዱት።

እኒያ እናት ልጂቱን ተከትለው ዳግመኛ ወደ ቤታችን መጡና «ጋሼ፥ እርስዎ መጻፍ ያውቃሉ» አሉን። በሁለት እሑድ ማታ፥ ሃያ ሦስት ሴቶች በየተራ በበራችን ደፍ ላይ ባዶ እግራቸውን በወረቀት ላይ አቆሙ፤ ባለቤታችን በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረች፥ እኛም በስማቸው አንጻር ቁጥሩን ጻፍን፥ የማይጽፉትም በጣታቸው ፈረሙ። ማመልከቻው በመስከረም ወር ለጽሕፈት ቤቱ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከሃያ ሦስቱ ትልቁ እግር 40 ነበር።